በማጣሪያው ቀን ዝም ያሉኝ ሰዎች

አባቴ የሞተው ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው። እኔ የሰማሁት በዚያው ማክሰኞ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። በመካከል ያለውን ቀን ቡሬ ከተማ ውስጥ ኳስ ስመለከት ዋልሁ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው አንባቢን እኔ በተታለልሁበት መንገድ ማታለል ስለማልወድ ነው። ያን ቀን በዙሪያዬ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። አንባቢም ከሚያውቁት ጋር ይቀመጥልኝ።

ሥራዬ ጀነሬተርና የውሃ ፓምፕ መጠገን ነው። ቡሬ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ በሯ ላይ ዘይት የጠጣ አፈር እንጂ ማስታወቂያ የለም። አባቴና እናቴ የሚኖሩት ከፍኖተ ሰላም ወደ ገበዝ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት የገጠር ቀበሌ ነበር። የቤቱ ብቸኛ ልጅ እኔ ነኝ። ጠባዬን የሚያውቁ ቁጡ ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም። ብሔራዊ ቡድናችን በሚጫወትበት ቀን ደንበኞቼ የተበላሸ ዕቃቸውን በማግስቱ ነው የሚያመጡት።

ያን ዕለት የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። በምድባችን አራት አገሮች አሉ፤ የሚያልፉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ቀድሞ አልፏል። አራተኛው ቀድሞ ወድቋል። ሁለተኛው ስምንት ነጥብ አለው፤ እኛ ሦስተኛ ሆነን ሰባት። ነገሩ ለሕፃንም አይከብድም፤ እኛ አራተኛውን ማሸነፍ አለብን፣ ሁለተኛው ደግሞ አንደኛውን ማሸነፍ የለበትም። ያኔ እኛ አሥር እንሆናለን፣ እነሱ ቢበዛ ዘጠኝ። ይህችን ስሌት በሱቄ ግድግዳ ላይ በከሰል ጽፌ ለመጣ ሰው ሁሉ ሳስረዳ ሰነበትሁ። የእኛ ማለፍ በማናውቃቸው ሰዎች እግር ላይ፣ በማናውቀው ሜዳ መንጠልጠሉ ያበሽቀኝ ነበር። ደግሞም ይጥመኝ ነበር።

በእኛ ቤተሰብ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፤ መርዶ በመንገድ አይነገርም። በሌላውም ቤት መርዶ በወግ ነው የሚነገረው፣ በእኛ ግን ሕጉ ይበልጥ ይጠብቃል። ልጅ ሳለሁ የእናቴ ወንድም የእናታቸውን ሞት በጭነት መኪና ላይ እንደተሳፈሩ ሰሙና ከሚሄደው መኪና ዘለሉ። ከዚያ በኋላ በክራንች ነው የኖሩት። ስለዚህ ሐዘን የደረሰበት ሰው በሌላ ምክንያት ይጠራል፣ ቤት ይገባል፣ ዘመድ ግራ ቀኙን ይይዘዋል፣ ከዚያ ይነገረዋል። ቀድሞ በመንገድ የነገረ እንደ ደመኛ ይታያል።

አጎቴ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቄ መጡ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ አባቴን አንተ፣ እሳቸውን እርስዎ እያልሁ ነው ያደግሁት። የመጡት በሚኒባስ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ በቀር ሰው አልነበረም። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ባዶውን የሚመጣ ሚኒባስ አይቼ ስለማላውቅ ሹፌሩን፣ «ምነው፣ ሰው አለቀ እንዴ?» አልሁት። ሹፌሩ መሪውን ተመለከተ።

«በል ተነሥ እንሂድ፤ ኸቤት ትፈለጋለህ» አሉ አጎቴ።

«ምን ተገኘ?»

«የድንበሩ ነገር ነው። ሽማግሌ ተቀምጧል። አንተ ኻልመጣህ አይቋጭም።»

ተናደድሁ። ከጎረቤታችን ጋር ያለን ያ የመሬት ድንበር ክርክር ስንት ዓመት ሲጎተት ኖሮ ለማጣሪያው ቀን ደረሰ። «ጋሼ፣ ኳሱ በስምንት ሰዓት ይጀምራል። ይዩና አብረን እንሄዳለን» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ፀሐይ ትሄዳለች።»

«ትሂድ። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ይጠጡ። ቆይ እንዲያውም ለአባቴ ልደውልና ይንገራቸው።»

«አትደውል!» አሉ፤ ድምፃቸው ጮኸ። ወዲያው ዝቅ አደረጉት። «ስልኩን ኸቤት ጥሎት ነው የወጣው። አይሰማህም።»

የበሩን መቃን ይዘው ቆመው ነበር፤ ጣቶቻቸው ትዝ ይሉኛል። እንድንሄድ ሦስት ጊዜ ለመኑኝ። አራተኛ ቢለምኑኝ እንደምነቃ ያውቁ ነበር፤ አንድም ሰው ለድንበር ነገር አራት ጊዜ አይለምንም። ስለዚህ ዝም አሉ። በዚያች ሰዓት ብንነሣ ዘጠኝ ሰዓት ሲል አባቴ ፊት እቆም ነበር። ቀብሩ እኔን እየጠበቀ ነበር።

ኳስ ቤቱ ከሱቄ ሦስተኛው በር ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ ከፊት ሁለት ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፣ ከኋላ እስከ በሩ ድረስ አግዳሚ ወንበር ነው። በአንደኛው የእኛ ጨዋታ፣ በሌላኛው የነሁለተኛው ጨዋታ ሊታይ ተዘጋጅቷል። አጎቴ ከእኔ ቀድመው ገቡና ባለቤቱን ጆሮው ላይ አንድ ነገር አሉት። ባለቤቱ እጁን አፉ ላይ ሲጭን ከበሩ አየሁ። ሊያስገድዱኝ እየተማከሩ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ስገባ ቤቱ በጫጫታ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ያ ጫጫታ ከፊተኛው ወንበር ጀምሮ ወደ ኋላ፣ ወንበር በወንበር ጠፋ። ሰው ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ይላል፣ ጎረቤቱ ያየኛል፣ ከዚያ ዝም ይላል። በሌላ ቀን ቢሆን «መካኒኩ መጣ፣ ዛሬም ተሸነፍን!» የሚል አላጣም ነበር። የጨርቅ ነጋዴው ወዳጄ ኳስ በመጣ ቁጥር ከእኔ ጋር ካልተሰዳደበ እንቅልፍ የማይወስደው ሙስሊም ነው። ያን ቀን ተነሥቶ መካከል ላይ የነበረውን ቦታውን ለቀቀልኝ። ሁለት ጉልበታም ሰዎች ከግራና ከቀኜ መጥተው ተቀመጡ፤ ትከሻዬን ማንቀሳቀስ እስኪያቅተኝ ተጠጉኝ።

«ምን ሆናችኋል? ልታስሩኝ ነው?» አልሁ። የሳቀ የለም።

የሕዝብ መዝሙሩ ሲዘመር ከኋላዬ የጨርቅ ነጋዴው አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁ። ዞር ብዬ አየሁት፤ በእጁ ጀርባ እንባውን ይጠርጋል። አገር ወዳድነቱ ገረመኝ። እንዲያውም በራሴ አፈርሁ።

ጨዋታው በተጀመረ በሃያኛው ደቂቃ ገደማ ሁለቱም ቴሌቪዥኖች ድርግም አሉ። የከተማው መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስላልነበረ በጀነሬተር ነበር የምናየው። ባለቤቱ ከጓሮ መጣና ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ፣ «በቃ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል። ዛሬ አይሠራም። ወደየቤታችሁ» አለ። አጎቴ ቃሉ ሳያልቅ ተነሡ። «በል ልጄ፣ አምላክ ነው የረዳን፤ እንሂድ» አሉ። የተቀመጠውም ሁሉ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ አንድ ላይ ተነሣ።

እኔን ሞተር ተቃጠለ ይሉኛል! ወደ ጓሮ ዞርሁ። ሰውም ተከትሎኝ መጣ። ሞተሩን በእጄ ዳበስሁት፤ የተቃጠለ ሽታ የለውም። እሳት የሚፈነጥቀውን ካንዴላ ፈትቼ አየሁት፤ ደረቅ ነው፣ ቤንዚን አልደረሰውም። ጎንበስ ብዬ የነዳጁን ቧንቧ ሳየው ተዘግቷል።

«ማን ነው ይህን የዘጋው?» ብዬ ቀና አልሁ።

ሠላሳ የሚያህል ሰው ዙሪያዬን ከቦ ቆሟል። ሞተሩን የሚያይ አንድም የለም። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው፤ ፊታቸው ላይ ያለውን ነገር አላወቅሁትም። ቧንቧውን ከፈትሁ፣ ገመዱን አንድ ጊዜ ሳብሁት፣ ሞተሩ ተነሣ። በሕይወቴ ከጠገንሁት ሁሉ እንደዚያ የቀለለኝ የለም። ባለቤቱ ዘይት የነካውን እጄን በሁለት እጁ ያዘና፣ «ይቅር በለኝ» አለ። «ይቅር ብያለሁ፤ ሁለተኛ ነዳጅ ዘግተህ ተቃጠለ እንዳትለኝ» አልሁትና እየሳቅሁ ገባሁ። አጎቴ ጓሮው ውስጥ ብቻቸውን ቀርተው ነበር።

ከዕረፍት በፊት ስልኬ ጠራ። የወላጆቼ ጎረቤት የሆነች ሴት ናት፤ ደውላልኝ አታውቅም። «ሃሎ! ኳስ ላይ ነኝ!» ብዬ ጮህሁ። ስትተነፍስ ይሰማኛል። «ድንበሩን ጨረሱት ወይስ ገና ናቸው? አባቴን እመጣለሁ በይልኝ» አልኋት። እስትንፋሷ ቆመ፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። በቀኜ የተቀመጠው ሰውዬ፣ «እስቲ ስልክህን ልየው» አለና ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተው። ዓይኔን ከኳሱ ላይ መንቀል ስላልፈለግሁ ተውሁት።

ከዕረፍት መልስ አገባን። ተከላካዮቹ ተደናብረው የተዉትን ኳስ የእኛ አጥቂ መታትና መረቡ ተወጠረ። ዘልዬ ተነሣሁ፤ ሁለት እጄን ዘርግቼ ድምፄ እስኪሰነጠቅ ድረስ ጮህሁ። ጩኸቴ ቆርቆሮውን መትቶ ተመልሶ መጣብኝ። ሌላ ድምፅ አልነበረም። ኢትዮጵያ ጎል አግብታ በዚያ ቤት ውስጥ የሚጮኸው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እጄን እንደዘረጋሁ ዞርሁ። ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። የቀሩት ደግሞ ጋቢና ነጠላ ለብሰዋል። ሲመጡ በሸሚዝና በካናቴራ ነበሩ፤ በዚያ ሙቀት፣ እኔ ኳስ ሳይ፣ አንድ በአንድ ወጥተው እየለበሱ ተመልሰዋል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አጨበጨበና እጆቹን እንደገጠመ ቀረ።

ያን ጊዜ ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ ግን ራሴን አልጠየቅሁም፤ ፈጥኜ ምክንያት ፈለግሁለት። ሌላኛው ጨዋታ ገና ስለሆነ፣ ቀድመን ከጮህን ይነጥቁናል ብለው ነው አልሁ። ምክንያቱ በቃኝ፤ ተቀመጥሁ። ሰው የማይፈልገውን ነገር ላለማወቅ እንዴት ያለ ብልህ እንደሆነ በዚያን ቀን ከራሴ አየሁ።

የእኛ ጨዋታ በዚያች ጎል አለቀ። አሥር ነጥብ ሆንን። የነሁለተኛው ጨዋታ ግን በሜዳው ላይ በወረደ ዝናብ ምክንያት ዘግይቶ ስለጀመረ አሥራ ስምንት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ዜሮ ለዜሮ ናቸው። እንዲህ ከቆዩ አልፈናል።

«አሁንስ አለቀ» ብለው አጎቴ ተነሡ።

«ጋሼ፣ ያለቀው የእኛ ነው። የሚያሳልፈን ያኛው ነው። አሥራ ስምንት ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ።»

ሹፌሩ በሩ ላይ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። ከኋላው ያለችው ፀሐይ ዝቅ ብላ እስከ ሦስተኛው ወንበር ገብታ ነበር። እንሂድ እንደማለት ለአጎቴ ጭንቅላቱን ነቀነቀላቸው። አጎቴ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ጉልበታሙ ሰውዬ ተነሣላቸውና አጠገቤ ተቀመጡ።

«እስቲ ነገሩን አስረዳኝ» አሉኝ።

ደስ አለኝ። ሰባት ነበርን፣ አሥር ሆንን፣ እነሱ እንዲህ ከጨረሱ ዘጠኝ ናቸው እያልሁ በጣቶቼ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የሚያዩት ግን ጣቶቼን አልነበረም።

«አባትህ ኳስ ይወዳል?» አሉ ድንገት።

«አባቴ? ይጠላል እንጂ! ይህ ሁሉ ጎረምሳ በከንቱ ከሚሮጥ ሞፈር ቢይዝ ስንት መሬት በታረሰ ይላል።»

አጎቴ ሳቁ። ሲስቁ ዓይናቸው ሞላ። «እንዲህ ይላል?»

«ባለፈው ስሄድ እንኳን ስለ ማጣሪያው ልነግረው ስጀምር፣ ስምንትና ሰባት ለመቁጠር ነው ያስተማርሁህ ብሎ አባረረኝ። በኋላ ደግሞ እናቴን ጠርቶ ለመሆኑ ያልፋሉ ወይ ብሎ ጠይቋታል።»

«አሁን ምን እያደረገ ይሆን?»

«ሽማግሌዎቹን እየተቆጣቸው ነዋ! የእኔ ቁጣ ከማን የመጣ መሰለዎት?»

«ኸሱ ነው» አሉ አጎቴ። «ኸሱ ነው። እንዴት ይቆጣል? እስቲ አሳየኝ።»

አባቴን አስመሰልሁላቸው። ቅንድቤን ሰብስቤ፣ ዱላ የያዝሁ አስመስዬ፣ ድምፄን አወፍሬ «አንተ ወስላታ!» አልሁ። አጎቴ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ያኔ ነው ልብ ያልሁት፤ ቴሌቪዥኑን የሚያይ ሰው የለም። ቤቱ በሙሉ አባቴን ሳስመስል እያየ ነበር። የጨርቅ ነጋዴው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

በባከነው ሰዓት ሁለተኛዎቹ አገቡ። አሥራ አንድ ነጥብ ሆኑ፤ አላለፍንም። አግዳሚውን በቡጢ መታሁና የማይነገር ነገር ተናገርሁ። አብሮኝ የተሳደበ የለም። አጎቴ ትንሽ ቆዩና፣ «በል እንግዲህ» ብለው ክንዴን ያዙ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሁለቱ ጉልበታሞችም የጨርቅ ነጋዴውም ገቡ። «ፍኖተ ሰላም ጉዳይ አለን» አሉ። ሹፌሩ ሙዚቃ አልከፈተም፤ መንገድ ላይ እጁን ላነሣ መንገደኛም አልቆመም። እኔ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ አሠልጣኙን፣ ዝናቡን፣ ማጣሪያውን እረግም ነበር። የከተማው ዋና መንገድ እንደወትሮው ባጃጅና ጋሪ ነው። ወደ ገበዝ ማርያም ከሚታጠፈው መንገድ ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሦስት ሴቶች ቆመው ነበር። መኪናችንን አዩ፣ እኔን በመስኮቱ አዩኝ፣ ፊታቸውን አዞሩ።

«አያችሁ?» አልሁ። «አገሩ ሁሉ ለኳስ ሐዘን ተቀመጠ!»

የጨርቅ ነጋዴው ጉልበቴን ጨበጠው፤ አልለቀቀኝም። ያችን ቀልዴን እስከ ዛሬ ሳስታውሳት ያመኛል።

ጠጠሩን መንገድ ከያዝን ከግማሽ ሰዓት በላይ ሄደን ሰው ከፊታችን መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት፣ ከዚያ መንገዱን የሞላ ሕዝብ። የገበያ ቀን አልነበረም። አህያ የለም፣ ጆንያ የለም፣ ጨዋታ የለም። ሁሉም የሚመጡት ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው። መኪናችንን ሲያዩ ለሁለት ተከፍለው መንገዱን ለቀቁና ግራና ቀኝ ቆሙ። ሁሉንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። እጄን ባወዛውዝ የመለሰልኝ የለም። ሹፌሩ በእግር መራመድ ያህል አዘገመ።

«ማን ነው የሞተው?» አልሁ።

አጎቴ ግንባራቸውን ከፊታቸው ያለው ወንበር ላይ ደፍተዋል። እኔም ከመንገዱ ዳር ከቆመው ሕዝብ ውስጥ የማን ፊት እንደጎደለ መፈለግ ጀመርሁ። አክስቴ አለች። ቄሱ አሉ። ድንበር የሚጋፋን ጎረቤታችን፣ ሽማግሌ ተቀምጦለታል የተባለው እሱ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። ከዚያ እናቴን አየኋት። ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል፣ ፊቷ ተቧጥጧል። እናቴ እዚህ ካለች የቀረው አንድ ፊት ነው። ወደ በሩ ስወረወር ግራና ቀኜ የነበሩት ሰዎች ክንዶቼን ቆልፈው ያዙኝ። ኳስ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ለዚህች ቅጽበት ነበር አጠገቤ የተቀመጡት። ያን ያህል ዝም ተብሎ መርዶውን ያገኘሁት መንገድ ላይ ነው።

መቃብሩ ላይ ስደርስ አፈሩ ገና ጥቁር ነበር። የቆፈሩት ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ነበሩ። ክፈቱልኝ አልሁ። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኋቸው፤ አቀፉኝ እንጂ አልከፈቱልኝም።

«ካህናቱን ለምኘ አስቁሜልህ ነበር» አለች እናቴ። «ፀሐይዋ ብትሄድባቸው ነው። አሁን ነው የገባ። አሁን።»

አባቴ ሽማግሌ ነበር፣ ልቡንም ይታመም ነበር፤ መሞቱን እችለዋለሁ። ፊቱን አለማየቴን ነው ያልቻልሁት። አፈር ሳልመልስበት፣ ግንባሩን ሳልስመው፣ እኔ ጎል ገባ ብዬ እየጮህሁ ሄደ።

ሹፌሩን በሌላ ቀን አግኝቼ ጠየቅሁት። የእኛ ጨዋታ እንዳለቀ ብንነሣ አስከሬኑ ገና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እያለ እንደርስ ነበር አለኝ። ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ ይቅር አልሁ፤ ሕግ ነው፣ እኔም በሌላው ላይ አድርጌዋለሁ። ያችን አሥራ ስምንት ደቂቃ ግን ይቅር ማለት አቃተኝ። አጎቴን በተዝካሩ ላይ ሰላም አልኋቸው እንጂ አላናገርኋቸውም። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ቤታቸው አልረገጥሁም።

ዘንድሮ ራሳቸው ቡሬ መጡ። ፓምፕ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። ባዶ ጀሪካን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። አርጅተዋል። ከፓምፑ ቀና አልሁ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን የእኛ ጨዋታ ሲያልቅ ለምን ተቀመጡ?»

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ወጉን አውቀዋለሁ» አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «መናገር አይችሉም ነበር። ግን ልብሴን ይዘው ቢጎትቱኝ እነሣ ነበር።»

«ትነሣ ነበር» አሉ። «አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ጎህ ሲቀድ ዓይኑን የከደንሁት እኔ ነኝ» አሉ አጎቴ፣ የተፈታውን ፓምፕ እያዩ። «ኸዚያ ወዲህ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ ያጽናህ ይለኛል። ኸዚያ ኳስ ቤት ብገባ አንተ ተቀምጠህ ስለሱ ትስቃለህ። ስትቆጣልኝ እሱ ቁጭ አለ። ባገሩ ሁሉ ወንድሜ ያልሞተው አንተ ዘንድ ብቻ ነበር፣ ልጄ። ኸመኪናው ኸገባን ያበቃል። ትንሽ ልቆይ ብየ ነው።»

የፓምፑ መፍቻ በእጄ እንዳለ ቀረሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴን ሳልቀብር አስቀሩኝ እያልሁ ስቆጣ፣ እሳቸውም ከእኔ ጋር በዚያው መኪና ውስጥ እንደነበሩ፣ ወንድማቸውን ሳይቀብሩ እንደቀሩ፣ አንድ ቀን እንኳን አስቤው አላውቅም ነበር።